ስልካችሁ 16 ነገር በአንዴ እንዲሠራ ማን አስተማረው?

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ግን የሚያወራው እጃችሁ ላይ ስላለው ስልክ ነው። ሆጃችሁን ያዙና ተከተሉን። (ዓመቶቹን ካልገለጽን በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

መጀመሪያ ይህችን ሞክሩ። ስልካችሁ ላይ «መቻራ ጭሮ» ብላችሁ ጻፉ። ለእኛ ሦስት ፊደል፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሁለት ፊደል ነው። ስልኩ ግን ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ስልኮች ጽሑፍ የሚያስቀምጡበት ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አጻጻፍ ላይ ደግሞ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ለምሳሌ «መ» ማለት 225፣ 136፣ 152 ነው። ክፍት ቦታ 1 ባይት ብቻ ነው፣ ቁጥሩም 32። ስለዚህ «መቻራ» 9፣ ክፍት ቦታው 1፣ «ጭሮ» 6፣ በድምሩ 16 ባይት።

(በቁቤ ለምትጽፉ ሒሳቡ ይለያል። የላቲን ፊደል አንዱ አንድ ባይት ብቻ ነው የሚይዘው።)

16 የምትለዋን ቁጥር ያዙልን። 64 ቢት በሆኑት የአርም ፕሮሰሰሮች ውስጥ፣ ማለትም ዛሬ ከሞላ ጎደል በሁሉም አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ፣ ልክ 16 ባይት የሚይዙ 32 ትንንሽ መሳቢያዎች አሉ። ቬክተር ሬጂስተር ይባላሉ። «መቻራ ጭሮ» አንዱ መሳቢያ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ትርፍም የለው፣ ጉድለትም የለው።

እና ምን ይጠበስ? ካላችሁ፣ አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

ወንፊት እና ለቀማ

ምዕራብ ሐረርጌ ላይ ቡና ሲበጠር ያየ ሰው ይሄን ወዲያው ይረዳዋል። ትንንሹን ፍሬ ከትልቁ ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቁጭ ብሎ ፍሬ በፍሬ እያነሱ ማየት ነው። ሁለተኛው ወንፊት ላይ አድርጎ መንቀጥቀጥ ነው። ወንፊቱ ለእያንዳንዱ ፍሬ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «በቀዳዳዬ ታልፋለህ ወይስ አታልፍም?» ልዩነቱ ጥያቄውን ለሁሉም በአንዴ መጠየቁ ነው።

ፕሮሰሰርም እንደዛው ነው። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ስንት የአማርኛ ፊደል አለ ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ዘዴው ቀላል ነው። እኛ በየቀኑ የምንጽፋቸው የግዕዝ ፊደሎች የመጀመሪያ ባይታቸው ሁልጊዜ 225 ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ባይት ደግሞ ከ128 እስከ 191 ባለው መሃል ስለሚውል 225 ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሥርዓተ ነጥብና የግዕዝ ቁጥር በሌለበት አማርኛ ጽሑፍ ላይ 225ን መቁጠር በቃ ፊደል መቁጠር ነው። በተራው መንገድ ፕሮሰሰሩ ባይት በባይት እየሄደ «አንተ 225 ነህ?» ብሎ 16 ጊዜ ይጠይቃል። በቬክተር ትዕዛዝ ግን 16ቱንም መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ አንድ ጊዜ ይጠይቃል። አምስቱ «አዎ» ይላሉ። መ፣ ቻ፣ ራ፣ ጭ፣ ሮ። አለቀ።

ይሄ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፎቶ ሲደምቅ፣ ቪዲዮ ሲከፈት፣ የድምፅ ጥሪ ሲጸዳ፣ ኪቦርዳችሁ ቀጣዩን ቃል ሲገምት፣ ከጀርባ ያለው ሥራ አንድ ዓይነት ሒሳብ በብዙ ቁጥር ላይ መደጋገም ነው። ቬክተር ትዕዛዝ ባይኖር ያው ሥራ ብዙ ጊዜና ብዙ ባትሪ ይበላ ነበር። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ባትሪ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ቺፑ ስለቻለ ብቻ አይሠራም

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቺፑ ውስጥ ወንፊቱ መኖሩ ብቻውን ጥቅም የለውም። አፑ ውስጥ «ወንፊቱን ተጠቀም» የሚል ትዕዛዝ መጻፍ አለበት። ትዕዛዙን የሚጽፈው ደግሞ በአብዛኛው ሰው አይደለም፣ ኮምፓይለር ነው።

ኮምፓይለር ማለት ፕሮግራመሩ በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በረስት የጻፈውን ኮድ ቺፑ ወደሚገባው ቁጥር የሚተረጉም ፕሮግራም ነው። በጣም ከታወቁት አንዱ ኤልኤልቪኤም ነው። በ2000 አሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክሪስ ላትነር እና መምህሩ ቪክራም አድቬ የጀመሩት ሥራ ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። አንድሮይድም ወደ እሱ ጠቅልሎ ገብቷል። አፕ ሠሪዎች በእነዚህ ቋንቋዎች የሚጽፉትን ክፍል የሚያዘጋጁበት የጎግል መሣሪያ በ2018 የድሮውን ጂሲሲ የሚባል ኮምፓይለር አስወጥቶ ኤልኤልቪኤምን ብቻ አስቀረ። ጌምም ይሁን ቪዲዮ ማጫወቻ፣ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ክፍል ዛሬ በአብዛኛው በዚህ በኩል ያልፋል።

ኮምፓይለር ሦስት ክፍል አለው በሉ። የፊተኛው ክፍል ፕሮግራመሩ የጻፈውን ያነባል። የመሃሉ ክፍል ያሻሽላል፣ «ይሄ ድግግሞሽ በወንፊት ቢሠራ ይሻላል» ብሎ የሚወስነውም በአብዛኛው እሱ ነው። የኋለኛው ክፍል፣ ባክኤንድ የሚባለው፣ ለአንድ የተወሰነ የፕሮሰሰር ዓይነት የመጨረሻውን ቁጥር ይጽፋል። ለአርም የራሱ ባክኤንድ አለ፣ ለኢንቴል የራሱ፣ ሪስክ-ፋይቭ ለሚባለው የራሱ።

እንግዲህ አንድ ቺፕ ሠሪ አዲስ ቬክተር ትዕዛዝ ሲያወጣ ባክኤንዱ ያን ትዕዛዝ አያውቀውም። ቋንቋው ላይ አዲስ ቃል ተጨምሯል፣ ተርጓሚው ግን አልሰማም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማስተማር አለበት። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ማስተማር ነው።

ኮከብ 806 እና 32 ቢት

ኢንኮዲንግ የሚባለውን ነገር እናንተ በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ። በኢትዮ ቴሌኮም ብር ለጓደኛ ስትልኩ *806* ብላችሁ፣ የጓደኛችሁን ቁጥር፣ ኮከብ፣ የብሩን መጠን፣ መሰላል ትጫናላችሁ። እያንዳንዱ ክፍል ቦታና ትርጉም አለው። 806 «ምን ይሠራ?» የሚለው ነው። ስልክ ቁጥሩ «ለማን?» ነው። መጨረሻ ያለው «ስንት?» ነው። አንዷን አኃዝ ብቻ ስቱና 805 ብትሉ ነገሩ ካርድ መሙላት ይሆናል። 804 ብላችሁ መሰላል ብትጫኑ ቀሪ ሒሳብ ይነግራችኋል። ያው ስልክ፣ ያው ጣት፣ የአንድ አኃዝ ልዩነት፣ ሌላ ሥራ።

የአርም ትዕዛዝም ልክ እንደዚህ ነው። ልዩነቱ አኃዞቹ 0 እና 1 ብቻ መሆናቸውና ርዝመቱ ሁልጊዜ 32 መሆኑ ነው። «መሳቢያ 1 ውስጥ ያሉትን 16 ቁጥሮች መሳቢያ 2 ውስጥ ካሉት 16 ቁጥሮች ጋር ደምርና ውጤቱን መሳቢያ 0 ውስጥ አስቀምጥ» የሚለው ትዕዛዝ ይሄ ነው፦

0 1 0 01110 00 1 00010 10000 1 00001 00000

ከግራ ወደ ቀኝ እንፍታው፦

0 — ቋሚ ነው፣ አይቀየርም።
1 — «ስንት ባይት?» 1 ከሆነ ሙሉው 16 ባይት፣ 0 ከሆነ ግማሹ 8 ባይት።
0 — ይቺን ቢት አስታውሷት፣ እንመለስባታለን።
01110 — «የቬክተር ቤተሰብ ነኝ» የሚል መታወቂያ።
00 — የእያንዳንዱ ቁጥር መጠን። 00 ማለት 8 ቢት፣ 01 ማለት 16 ቢት፣ 10 ማለት 32፣ 11 ማለት 64።
1 — ቋሚ።
00010 — ሁለተኛው ምንጭ፣ መሳቢያ 2።
10000 — የሥራው ዓይነት።
1 — ቋሚ።
00001 — የመጀመሪያው ምንጭ፣ መሳቢያ 1።
00000 — ውጤቱ የሚቀመጥበት፣ መሳቢያ 0።

የመሳቢያ ቁጥር ለምን 5 ቢት ተሰጠው? መሳቢያዎቹ 32 ስለሆኑ ነው። አምስት ጊዜ 0 ወይም 1 ብትመርጡ 32 ዓይነት ጥምረት ይወጣል። አንድም አይተርፍ፣ አንድም አይጎድል።

አሁን ወደዚያች ቢት እንመለስ። ከግራ ሦስተኛዋን 0 ወደ 1 ቀይሯት። ሌላውን ሁሉ አትንኩ። ትዕዛዙ መደመር መሆኑ ቀርቶ መቀነስ ሆነ! ከእሷ ጋር ደግሞ የሥራውን ዓይነት ከ10000 ወደ 10001 ብትቀይሩት «እኩል ናችሁ ወይ?» የሚለው ትዕዛዝ ይሆናል። ማለትም ቅድም 225ን የፈለግንበት ወንፊት። በመደመርና በወንፊቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ቢት ብቻ ነው።

ሁለት ዓይነት ስህተት

እንግዲህ ባክኤንዱ ላይ ይሄን የሚጽፍ ሰው አንድ ቢት ቢሳሳትስ? ሁለት ነገር ሊደርስ ይችላል።

አንደኛው፣ የወጣው ቁጥር ለቺፑ ትርጉም የሌለው ይሆናል። ቺፑ «ይሄን አላውቅም» ብሎ ይቆማል፣ አንድሮይድም አፑን ይዘጋዋል። ያበሳጫል፣ ግን ቢያንስ ችግር እንዳለ ይታወቃል።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የተሳሳተው ቁጥር ሌላ ትክክለኛ ትዕዛዝ ሆኖ ይገኛል። ቺፑም ሳያቅማማ ይሠራዋል። ፎቶ ለማድመቅ 100 በሆነ ነጥብ ላይ 20 ጨምር ብላችሁት 120 ሲጠበቅ 80 ይመጣል። ፎቶ ቢጨልም በዓይን ይታያል። ያው ስህተት የብር ሒሳብ ወይም የሕክምና ምስል ውስጥ ቢገባስ? ፕሮግራመሩ የጻፈው ኮድ ትክክል ነው። ቺፑም ትክክል ነው። መሃል ላይ ያለው ተርጓሚ ነው የተሳሳተው፤ እሱን ደግሞ ማንም ቶሎ አይጠረጥርም። ለዚህ ነው ሥራው በጥንቃቄ የሚሠራው።

አዲስ ትዕዛዝ እንዴት ይገባል?

አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንውሰድ። አርም ዶት ፕሮዳክት የሚባል ቬክተር ትዕዛዝ አለው። አራት ዓይነት ዕቃ ገዝታችሁ የእያንዳንዱን ብዛት በዋጋው አባዝታችሁ፣ ከዚያ አራቱንም ደምራችሁ ጠቅላላውን የምታወጡበትን ደረሰኝ አስቡ። ይሄ ትዕዛዝ አራት እንደዚህ ዓይነት ደረሰኝ በአንዴ ይሠራል። 16 ማባዛት ከነድምሩ በአንድ ትዕዛዝ ማለት ነው። ድምፅ የሚያውቅ፣ ጽሑፍ የሚገምት፣ ፎቶ የሚለይ ኤአይ ስልክ ውስጥ ሲሠራ አብዛኛው ድካሙ ይሄው ማባዛትና መደመር ነው። ትዕዛዙ ኤልኤልቪኤም ውስጥ የገባው በ2017 ነው። እንዲህ ያለው ሥራ የሚያልፍበት መንገድ ይሄን ይመስላል፦

አንደኛ፣ ማኑዋሉን ማንበብ። የአርም ዋና ማኑዋል ዛሬ ከ10 ሺህ ገጽ በላይ ነው። እያንዳንዱ ትዕዛዝ የ32 ሣጥን ሥዕል አለው። የትኛው ሣጥን ቋሚ እንደሆነ፣ የትኛው እንደሚለወጥ እዚያ ላይ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉን ወደ መግለጫ መቀየር። ኤልኤልቪኤም ቴብልጄን የሚባል የራሱ ትንሽ ቋንቋ አለው። ተመሳሳይ ቅርጽ ላላቸው ትዕዛዞች አንድ የጋራ ፎርም ይዘጋጃል። ከዚያ እያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱን ቢቶች ብቻ ይሞላል። ልክ የቀበሌ ፎርም አንድ ሆኖ ስም ብቻ እንደሚቀያየረው። ጥሩው ነገር፣ ከዚህ አንድ መግለጫ ብዙ ነገር በራሱ ይወጣል። ትዕዛዝን ወደ ቁጥር የሚቀይረው፣ ቁጥርን መልሶ ወደ ትዕዛዝ የሚያነበው፣ የሰው አጻጻፍ ትክክል መሆኑን የሚያጣራው፣ ሁሉም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ስለዚህ እርስ በርስ የመጋጨት ዕድላቸው ይቀንሳል። መግለጫው ከተሳሳተ ግን ሁሉም አብረው ይሳሳታሉ።

ሦስተኛ፣ በር ላይ ዘበኛ ማቆም። ዶት ፕሮዳክት በሁሉም ቺፕ ላይ የለም። ስለዚህ ትዕዛዙ ላይ «ይሄ ችሎታ ያለው ቺፕ ካልሆነ አትጠቀሙኝ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። አፕ ሠሪው ራሱ ካልፈቀደ ኮምፓይለሩ ትዕዛዙን አያወጣውም።

አራተኛ፣ ፈተና። ትዕዛዙ ይጻፋል፣ የሚወጣው ባይት ከማኑዋሉ ከተሰላው ጋር አንድ በአንድ ይነጻጸራል። ቁጥሩ ተመልሶ ሲነበብ ያንኑ ትዕዛዝ መስጠት አለበት። ዘበኛውም ይፈተናል። ችሎታው ለሌለው ቺፕ ትዕዛዙ ሲሰጥ ኮምፓይለሩ እምቢ ማለት አለበት፣ ካላለ ፈተናውን ወደቀ።

አምስተኛ፣ ጥቅም ላይ ማዋል። እስከ አራተኛው ድረስ ኮምፓይለሩ ቃሉን መጻፍ ተማረ እንጂ መቼ እንደሚናገረው አያውቅም። «እንዲህ ያለ ማባዛትና መደመር ካየህ ይሄን ትዕዛዝ ምረጥ» የሚል ሕግ ይጨመራል። ትዕዛዙ ስንት ጊዜ እንደሚወስድም ይነገረዋል፣ ካልሆነ ከተራው መንገድ ጋር አወዳድሮ መምረጥ አይችልም።

ስድስተኛ፣ የሌላ ሰው ዓይን። ሥራው በይፋ ይቀርባል፣ ሌሎች መስመር በመስመር ያዩታል፣ «ይቺ ቢት ለምን 1 ሆነች?» ብለው ይጠይቃሉ። ሲስማሙ ይገባል።

ይሄ እኛን ምን አገባን?

እንዴ፣ በጣም ነው እንጂ የሚያገባን! ዘበኛው የሚባለውን ነገር እናስታውስ።

አርም ኮርቴክስ-ኤ53 የሚባለውን የፕሮሰሰር ንድፍ በ2012 አስተዋወቀ። ርካሽና ባትሪ ቆጣቢ ስለሆነ በዓለም ላይ በጣም ብዙ ስልክ ውስጥ ገብቷል። እንደ ሚዲያቴክ ሄሊዮ ኤ22 እና ጂ35 ያሉት፣ በዝቅተኛ ዋጋ ስልኮች ውስጥ የሚገኙ ቺፖች የተሠሩት በእሱ ነው። ኤ53 ተራውን ቬክተር ትዕዛዝ ይችላል፤ ዶት ፕሮዳክትን ግን አይችልም። ትዕዛዙ የመጣው በ2017 ይፋ ከሆነው ከተከታዩ ኮርቴክስ-ኤ55 ትውልድ ጋር ነው።

አንድ አፕ ሠሪ ውድ ስልክ ላይ ብቻ ሞክሮ «ዶት ፕሮዳክት ተፈቅዷል» ብሎ አፑን ቢያወጣ፣ እሱ ጋ በደንብ ይሠራል። መቻራ ላይ ኤ53 ያለው ስልክ የያዘ ልጅ ጋ ግን ትዕዛዙ ላይ ሲደርስ ድብን ይላል። «አፑ ቆሟል» የምትል መልእክት ትመጣለች። ልጁ ሚሞሪ ያጸዳል፣ አፑን አጥፍቶ እንደገና ያወርዳል (የገዛው ዳታ ይቃጠላል)፣ ስልክ ጠጋኝ ጋ ወስዶ ፎርማት ያስደርጋል። መጨረሻ ላይ «ስልኬ አርጅቷል» ብሎ ሌላ ሊገዛ ያስባል። ስልኩ ግን ምንም አልሆነም። የማያውቀውን ቋንቋ አናገሩት እንጂ።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ጥንቁቅ አፕ ሠሪ ያንን ሥራ በሁለት መንገድ ያዘጋጃል፣ አንዱ ለአዲስ ቺፕ፣ አንዱ ለድሮ። አፑ ሲከፈት መጀመሪያ ስልኩን «ምን ምን ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ እንደ መልሱ ይመርጣል። በድሮው ስልክ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ይሠራል። ይሄ ታሪክ ቀድሞም ነበር። በ32 ቢት ዘመን የኤንቪዲያ ቴግራ 2 ቺፕ፣ ኒዮን የሚባለውን የአርም ቬክተር ክፍል ጭራሽ አልያዘም ነበር። በዚህ የተነሳ የአንድሮይድ መሣሪያ ለዓመታት ኒዮንን በራሱ አያበራም ነበር፤ ለ32 ቢት ስልኮች በሙሉ በነባሪነት የበራው በ2020 በወጣው ስሪት ነው። ጥቂት ስልኮች እንዳይሞቱ ሲባል ዓለም ጠበቀ ማለት ነው።

ከአርም ውጭም ትምህርት አለ። ሪስክ-ፋይቭ ማንም ፈቃድ ሳይገዛ ቺፕ ሊሠራበት የሚችል ክፍት የትዕዛዝ ቋንቋ ነው። የቬክተር ክፍሉ ለዓመታት ረቂቅ ሆኖ ቆየ። በ2019 ረቂቅ 0.7.1 ላይ ሲደርስ የአሊባባው ቲ-ሄድ በረቂቁ መሠረት ቺፖች ሠራ፣ ቺፖቹም ገበያ ገቡ። ከዚያ ረቂቁ ተቀየረ። በ2021 የጸደቀው ስሪት 1.0 ኢንኮዲንጉ ከረቂቁ ጋር አይገጥምም። ለምሳሌ ቁጥር ከሚሞሪ ወደ መሳቢያ የሚያስገቡት ትዕዛዞች ተቀይረዋል። ኤልኤልቪኤም የቬክተር ክፍሉን እስኪጸድቅ ድረስ «ሙከራ» የሚል መቀየሪያ ጀርባ አስቀምጦት ነበር። በሩን የከፈተው በ2022 በወጣው ስሪት 14 ላይ ነው፣ የከፈተውም ለጸደቀው ነው። ጂሲሲ ለድሮው ረቂቅ ቺፖች የተለየ ድጋፍ የጨመረው በ2024 በስሪት 14 ነው። እስከዚያ ድረስ እነዚያን ቺፖች የገዛ ሰው ወንፊቱ ቤቱ እያለ፣ ከአምራቹ የተለየ ኮምፓይለር ውጭ፣ በእጁ ሲለቅም ከረመ።

ቺፕ ሲሸጥ ኢንኮዲንጉ አብሮ ይቆለፋል። ሶፍትዌር በአፕዴት ይስተካከላል፣ ሲሊከን ላይ የተቀረጸ ነገር ግን አይስተካከልም።

ስልካችሁን ራሳችሁ ፈትሹ

ይሄን በወሬ ብቻ አትመኑን። ተርመክስ የሚባል አፕ አለ፣ ስልካችሁ ላይ የኮምፒውተር ጥቁር ገጽ ይከፍትላችኋል። በእሱ «ፕሮክ» ማህደር ውስጥ ያለውን «ሲፒዩ ኢንፎ» የተባለ ፋይል ክፈቱ። «ፊቸርስ» የምትል መስመር ታገኛላችሁ፣ ስልካችሁ የሚችላቸው ነገሮች ዝርዝር ናት።

👉 ኤ፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉት ፊደሎች ብቻቸውን ተያይዘው ካያችሁ፣ 64 ቢቱ ቬክተር ክፍል አለ።
👉 «ኒዮን» የሚል ካያችሁ፣ ስልኩ በ32 ቢት ነው የሚሠራው። አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ቺፓቸው 64 ቢት ሆኖ እያለ አንድሮይዳቸው 32 ቢት ነው።
👉 በአምስቱ ፊደሎች መጨረሻ ላይ ዲ እና ፒ ተጨምሮ ካያችሁ፣ ዶት ፕሮዳክት አለ። ከሌለ የለም።

አንድ አፕ በእናንተ ስልክ ላይ ብቻ እየቆመ ካስቸገራችሁ፣ ይቺን መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ለአፑ ሠሪ ብትልኩ፣ «አፑ አይሠራም» ከሚል አንድ ሺህ ኮሜንት ትበልጣለች።

በእዚያው ተርመክስ ላይ የኤልኤልቪኤም ኮምፓይለር፣ ክላንግ፣ ይጫናል። ሁለት ዝርዝር ቁጥሮችን የሚደምር አምስት መስመር የሲ ኮድ ጽፋችሁ «አሻሽለህ ተርጉም፣ ግን የተረጎምከውን አሳየኝ» ብትሉት፣ ቅድም የፈታነውን ዓይነት ትዕዛዝ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ላፕቶፕ አያስፈልግም። ዲግሪም ማንም አይጠይቃችሁም።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና የአንድሮይዱን ክፍል የወሰዳችሁ ብዙ ናችሁ። ጭሮ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም አላችሁ። አፕ መሥራት ጥሩ ነው። ከአፑ በታች ደግሞ ይሄ ሌላ ፎቅ አለ፣ ሰው የሚያንስበት ፎቅ። የኤልኤልቪኤም ኮድ በሙሉ ጊትሀብ ላይ ክፍት ነው። ሙሉውን እንዳታወርዱ፣ ጊጋባይቶች ይበላል፣ ገንብቶ ለማስነሳትም ትልቅ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ግን የአርሙን ባክኤንድ አንድ የመግለጫ ፋይል በብሮውዘር ከፍቶ ማንበብ ለስልክም ለኪስም አይከብድም። ለጀማሪ ይሆናሉ የተባሉ ችግሮችም ተለይተው ምልክት ተደርጎባቸዋል።

ለምን እንደምንወተውታችሁ ታውቃላችሁ? የትኛው ስልክ እንደሚኖርና የትኛው እንደሚጣል የሚወሰነው በከፊል እዚያ ነው። «ለድሮው ቺፕም መንገድ ይኑረው» የሚል ሰው ክፍሉ ውስጥ ከሌለ፣ የሚወስኑት አዲስ ስልክ በየዓመቱ የሚቀይሩት ብቻ ይሆናሉ። ኤ53 በኪሱ የያዘ ሰው ገብቶ ቢያስታውሳቸው አይከፋም።

ስልካችሁ ላይ ዶት ፕሮዳክት አለ ወይስ የለም? የስልኩን ሞዴልና ውጤቱን በኮሜንት ጻፉልን፤ የትኛው ሞዴል ምን እንደሚችል በአንድ ሠንጠረዥ አድርገን መልሰን እንለጥፈዋለን። ስልኩ «አርጅቷል» ለተባለበት ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት፤ ከመጣሉ በፊት ያቺን መስመር ይይ።